ባስ የሚያየው ቀለም፣ እኛ የምንገዛው ቀለም

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ፖቶማክ ወንዝ ወርዶ ባስ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዳል። መኪናው ውስጥ የሚያኖረውን ሣጥን ሲከፍትልኝ የመርካቶ ጌጣጌጥ መደርደሪያ መሰለኝ። ከፕላስቲክ የተሠሩ፣ ሆዳቸው ሥር መንጠቆ የተንጠለጠለባቸው ማባበያዎች ተደርድረዋል። አንዱ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ተስሎለታል፣ ስንጥቡ ቀልቷል፣ ዓይኑ ያበራል። ከጎኑ ምንም ያልተሳለበት ጥቁር ተጋድሟል። «ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?» ብዬ ጥቁሩን አነሣሁት። «ዛሬ የሚሠራው እሱ ነው» አለኝ። ማታ ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ደፍርሷል።

ለምን እንደሚሠራ ለማወቅ ከዓሣው ዓይን መጀመር ይሻላል። የሰው ዓይን ቀለም የሚለየው ኮን በሚባሉ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ነው። አፈ ሰፊው ባስ ያለው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ አንደኛው 535 ናኖሜትር ገደማ ላለው አረንጓዴ ብርሃን፣ ሌላኛው 614 ናኖሜትር ገደማ ላለው ወደ ቀይ የሚያደላ ብርሃን ይበልጥ ንቁ ነው። ለሰማያዊ የተለየ ኮን የለውም።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላበቁም። ዓሦቹን በምግብ እየሸለሙ አንድ ቀለም እንዲመርጡ አስተማሯቸው። ቀይ የተማረው ቀዩን፣ አረንጓዴ የተማረው አረንጓዴውን ብዙም ሳይሳሳት ለየ። ሎሚማ ቢጫ የተማረው ግን ነጩንም እንደዚያው ቆጠረው፤ ሰማያዊ የተማረው ጥቁሩን ከሰማያዊው መለየት አቃተው። የእኛ ገበሬ የበሬውን መልክ ቡላ፣ ዳለቻ፣ ጉራቻ እያለ ይለያል፤ ባስ እንዲህ ያለ ሀብት የለውም። ታዲያ «ሰማያዊና ጥቁር» ተብለው በሁለት ዋጋ የሚሸጡ ማባበያዎች ለዓሣው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ዓሣው ለሰማያዊ እንኳ የተለየ ኮን ስለሌለው፣ በአልትራቫዮሌት ያበራል ተብሎ ዋጋው ከፍ ያለውን ማባበያ እኔ አልገዛውም።

ዓይኑ ይህን ያህል ነው። ውኃው ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። ጥርት ያለ ውኃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ይውጠዋል፤ ከ5 እስከ 10 ሜትር ስንወርድ አብዛኛው ቀይ አልቋል፣ ቀይ ማባበያም እዚያ ጠቆር ብሎ ይታያል። ባስ ብዙ ጊዜ የሚያድነው ግን ዳር ዳሩን፣ ሣርና ግንድ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ስለሆነ ቀይ እዚያ ጥቅም አያጣም። የሚወደው ምግቡ ክሬፊሽ፣ ያ መቆንጠጫ ያለው የወንዝ ፍጥረት፣ አንዳንድ ጊዜ ቀላ ማለቱም ያግዛል። ድፍርስ ውኃ ነገሩን ይገለብጠዋል። የላንጋኖን ሐይቅ ያየ ሰው ይገባዋል፦ ጭቃ ያዘለ ቡናማ ውኃ ሰማያዊውን ቀድሞ ያጠፋና ወደ ቢጫና ቀይ ያደላውን ያስተርፋል። ከዚያም በላይ ብርሃኑን ይበትነዋልና ከክንድ ርቀት ያለ ነገር እንኳ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይታያል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ይህ ነው። እውነተኛ ትንሽ ዓሣ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ የሆነው ለውበት አይደለም። ከላይ ሲያዩት ከጨለማው ሥር ጋር፣ ከታች ሲያዩት ከብሩህ ሰማይ ጋር እንዲመሳሰል ነው፤ መልኩ መደበቂያው ነው። እንግዲህ ማባበያውን ቁርጥ ዓሣ አስመስሎ የቀባው ሠዓሊ ዓሣው የሚደበቅበትንም ጥበብ አብሮ ቀድቷል። በጠራ ውኃ ይህ ችግር አይሆንም። ማባበያው ቀስ ብሎ ሲጎተት ባስ ቀርቦ ለማየት ጊዜ ያገኛል፣ ያን ጊዜ መመሳሰል ዋጋ አለው። በደፈረሰው ውኃ ግን መጀመሪያ መታየት አለበት። ጥቁር የሚያሸንፈው እዚህ ነው፤ ምሽት ላይም እንዲሁ፣ ባስ ከታች ቀና ሲል ጥቁሩ ጥላ በደብዛዛው ሰማይ ላይ ጎልቶ ይወጣል። የተሳሉት ቅርፊቶች ያኔ አይታዩም። ሲጎተት ውኃውን ማንቀጥቀጡ ግን ይሰማዋል፤ ባስ በጎኑ ላይ በተዘረጋው የስሜት መስመር እንቅስቃሴ ይለያልና።

የአክስቴ ልጅ ያን ቀን በጥቁሩ ሁለት ያዘ፣ መልሶም ለቀቃቸው። ሣጥኑን ግን አላራቆተም፤ ያማረ ነገር መግዛት ደስ ይለዋል፣ እኔም አልፈርድበትም። አዲስ ለምትጀምሩ ግን ምክሬ ይህ ነው፦ ወደ ሱቅ ሳትገቡ ወንዙ ዳር ቆማችሁ ማባበያውን ውኃ ውስጥ ዝቅ አድርጉት። ጥልቅ ድረስ ከታያችሁ ዓሣ መሳዩን ያዙ፤ ክንድ ሳይሞላ ከጠፋባችሁ ጥቁሩን። ለቀሪው ቀን አንድ ነጭና አንድ ቀይ ብትጨምሩ ይበቃችኋል።