ከግንቡ በፊት ባለሙያው፦ የፍሳሽ ማጣሪያ ሥልጠናና የሞያሌ ፍላጎት

ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሲነገር በቅድሚያ የሚታሰበው ገንዳው፣ ቧንቧውና ፓምፑ ቢሆንም፣ ከመኖሪያ ቤት፣ ከሆቴልና ከገበያ የወጣውን ቆሻሻ ውሃ ሰውንም አካባቢንም ወደማይጎዳ ደረጃ የሚያደርሰው ይህን ሁሉ በየዕለቱ የሚቆጣጠረው ባለሙያ፣ በተለመደው አጠራር ኦፕሬተሩ ነው። የኬንያና የኢትዮጵያ ድንበር ለሁለት በሚከፍላት በሞያሌ፣ አብዛኛው ነዋሪ በጉድጓድ መጸዳጃና በሴፕቲክ ታንክ በሚጠቀምበት ሁኔታ፣ ባለሙያን ማሠልጠን የማጣሪያ ጣቢያ ግንባታ እስኪጠናቀቅ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

የማጣሪያ ጣቢያ ዋነኛ ሠራተኞች በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ብስባሽ የሚመገቡት እነርሱ ሲሆኑ፣ ከጋራዥ የተደፋ የሞተር ዘይት ወይም ከመጠን ያለፈ ኬሚካል ከደረሰባቸው ይዳከማሉ ወይም ይሞታሉ። የሥራቸው ውጤት ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ የባዮኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት የሚባለው ሲሆን፣ ይህም የውሃው ናሙና በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ5 ቀናት ሲቆይ ባክቴሪያዎቹ ብስባሹን ለመፍታት የሚጠቀሙበት የኦክስጅን መጠን ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው የውሃ ጥራት ደንብ ወደ አካባቢ በሚለቀቅ ውሃ ውስጥ ይህ መጠን በሊትር ከ30 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ውጤቱ በአምስተኛው ቀን ሲታወቅ ናሙናው የተወሰደበት ውሃ አስቀድሞ ከጣቢያው ወጥቷል፤ ስለዚህ ኦፕሬተሩ የዕለቱን ውሳኔ የሚሰጠው ቶሎ በሚገኙ ልኬቶች እንዲሁም በውሃው ቀለም፣ ሽታና አረፋ ላይ ተመሥርቶ ነው። ጤናማ ሆኖ የቆየ አረንጓዴ የማጣሪያ ኩሬ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ግራጫ ሲለወጥ ከአቅሙ በላይ ፍሳሽ እንደገባበት የሚጠቁመውም በዚህ መንገድ ነው።

ይህን የማስተዋል ችሎታ ከመማሪያ ክፍል ብቻ ማግኘት ስለማይቻል፣ የሙያ ሥልጠና የሚሠሩ ጣቢያዎችን መጎብኘትን ይጨምራል። በናይሮቢ ምሥራቅ ሩዋይ የሚገኘው የዳንዶራ ጣቢያ ፍሳሹን በተከታታይ ኩሬዎች ያሳልፋል፤ በመጀመሪያ ኦክስጅን በሌለበት ጥልቅ ኩሬ ዝቃጩ ይረጋል፣ ቀጥሎ በጸሐይ ብርሃንና በአልጌ በሚታገዘው ኩሬ ብስባሹ ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ጥልቀት በሌለው ኩሬ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይመናመናሉ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀውና በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታቀደው አዲሱ የቃሊቲ ጣቢያ በአንጻሩ በአነስተኛ ቦታ ብዙ ፍሳሽ የሚያስተናግድ ቢሆንም፣ የበለጠ መሣሪያና የቅርብ ክትትል ይጠይቃል። ሁለቱን ያየ ሠልጣኝ ኩሬ ሰፊ መሬትና ጸሐይ፣ መሣሪያ ደግሞ ኤሌክትሪክና መለዋወጫ እንደሚፈልግ ስለሚረዳ፣ ለከተማው የሚስማማውን ለመምረጥ የሚያስችል መመዘኛ ይዞ ይመለሳል።

ለሞያሌ ቀዳሚ የሆነው ዕውቀት ግን ከጉድጓድና ከሴፕቲክ ታንክ በመምጠጫ መኪና የሚነሳውን ዝቃጭ የሚመለከት ነው። በአዲስ አበባ ኮተቤ የተሠራበት ዓይነት የማድረቂያ መደብ፣ ዝቃጩን በአሸዋና በጠጠር ላይ አስፍሮ ውሃውን ወደ ታች እያሠረገ በጸሐይ የሚያደርቅ በመሆኑ፣ ለደረቅና ሞቃት አካባቢ ይስማማል። ሆኖም የደረቀ ዝቃጭ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ የወስፋት ትል እንቁላል በውስጡ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ወደ እርሻ ከመወሰዱ በፊት የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስን የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። የመኪናው ሾፌርና ረዳቱም የሥልጠናው ተካፋዮች መሆን አለባቸው፤ ምክንያቱም በጉድጓድ ውስጥ የሚከማቸው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ በጥቂቱ እንደ ተበላሸ እንቁላል ቢሸትም፣ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው መጥፋቱ ጉድጓዱ ደኅና መሆኑን አያረጋግጥም።

የሞያሌ አቀማመጥ ለዚህ ሥራ ዕድልም ኃላፊነትም ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የተመረቀው የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ የሁለቱን አገሮች ንግድ ለማሳለጥ የቆመ ሲሆን፣ መንገደኛና ጭነት በበዛ ቁጥር ፍሳሹም ይጨምራል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በኢትዮጵያ ከባሌ ዞን የተነሳው ኮሌራ ወደ ቦረና ዞንም መዛመቱ ደግሞ በሽታ የአስተዳደር ወሰን እንደማያግደው ያሳያል። በናይሮቢ የኬንያ ውሃ ኢንስቲትዩት፣ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለሙያ የሚያሠለጥኑ በመሆናቸው፣ የከተማዋ ሁለት ወገኖች ሠራተኞቻቸውን በጋራ ቢያሠለጥኑ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ በሚሰማባት በዚህች ከተማ ትምህርቱ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ መንገድ የተዘጋጁ ባለሙያዎች የወደፊቱ ጣቢያ ሲነደፍ ጀምሮ ቦታውንና ዘዴውን በመምረጥ ቢሳተፉ፣ ከተማዋ የምትገነባው በራሷ ሰዎች ዕውቀት ሊንቀሳቀስና ሊጠገን የሚችል ጣቢያ ይሆናል።