ሕፃናትና አፈር
የጀርመኑ መምህር ፍሬድሪክ ፍሮቤል ለሕፃናት ያቆመውን ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1840 «የሕፃናት አትክልት ቦታ» ብሎ ሰየመው። ለእያንዳንዱም ሕፃን መደብ እንዲከፈልለት፥ ዘሩንም በገዛ እጁ ዘርቶ እንዲያጠጣ አደረገ። ሕፃኑ ቡቃያውን ሲጠብቅ ቀን መቍጠርን ይማራል፤ ያላጠጣው ሲጠወልግም የቸልተኝነትን ዋጋ ያለ አለንጋ ያውቃል። የፕሩስያ መንግሥት ግን የወንድሙን ልጅ ጽሑፍ የእርሱ መስሎት፥ ሃይማኖትን ያጠፋል ሲል በ1851 ቤቶቹን ከለከለ፤ ክልከላው በ1860 ሲነሣ ፍሮቤል ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር።

በኢትዮጵያ የቄስ ተማሪ ከዛፍ ጥላ ሥር ፊደል መቍጠሩ የቈየ ልማድ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ግን ግቢያቸው በሲሚንቶ የተለበጠ፥ ሕፃኑ የባቄላን ተክል በሥዕል ብቻ የሚያውቅባቸው መዋዕለ ሕፃናት አሉ። ፈቃድ የሚሰጠው ሹም የክፍሉን ስፋት ሲለካ የአፈሩንም ስፍራ ይለካ፤ ወጪው የአንድ መኰትኰቻና የእፍኝ ባቄላ ዋጋ ነው።