የኢንተርኔት የመማሪያ ሀብቶች ከገጠር ክፍል እንዴት ይደርሳሉ?

አንድ ልጅ ማንበብ ሳይችል ሦስተኛ ክፍል ከደረሰ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ አልፎት ይሄዳል። ሳይንሱም፣ ሒሳቡም፣ ሌላውም ትምህርት የሚቀሰመው በንባብ ነውና። እ.አ.አ በ2010 በኢትዮጵያ በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ክሂል ምዘና፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ተመዝግቧል።

ከዚያ ወዲህ ችግሩ ሌሎች ችግሮች ተጨምረውበታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ ሀገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ቀጥሎም ጦርነቱና በአማራ ክልል የተፈጠረው የሰላም እጦት በርካታ ሕጻናትን ከትምህርት ገበታ አርቋል። ወደ ክፍል የተመለሱት ልጆችም በአንድ ወንበር ይቀመጡ እንጂ ዕውቀታቸው ተራርቋል፤ አንዱ ገና ፊደል ሲለይ ሌላው አንቀጽ ያነባል። በአንድ መጽሐፍና በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ለሁለቱም መድረስ ያለበት የአንደኛ ደረጃ መምህሩ ነው።

ይህንን ሥራ የሚያቀልሉ ነጻ የመማሪያ ሀብቶች በኢንተርኔት ይገኛሉ። በአነደድ ወረዳ በአምበርና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ለሚያስተምር መምህር የመጀመሪያው ጥያቄ "ኔትወርክ በሌለበት ምን ይጠቅመኛል?" የሚል ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ከእነዚህ ሀብቶች ብዙዎቹ ሁልጊዜ ግንኙነት አይፈልጉም። መምህሩ ለሥልጠና ወይም ለጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሲሄድ፣ ግንኙነት ባገኘበት ሰዓት አንድ ጊዜ አውርዶ በስልኩ ሚሞሪ ካርድ ቢያስቀምጣቸው ዓመቱን ሙሉ ሊገለገልባቸው ይችላል። ለባልደረቦቹም በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ያለ ምንም የኢንተርኔት ክፍያ ማስተላለፍ ይቻላል።

ቀዳሚው የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ መሆን በጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጻሕፍት እጥረት ጎልቶ ታይቷል። የተማሪ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያዎች ግን በፒዲኤፍ ቅጂ ይገኛሉ። በቴሌግራም ከሚዘዋወሩት መካከል የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ስላሉ፣ መምህሩ ከማውረዱ በፊት ሽፋኑንና የታተመበትን ዓመት ማረጋገጥ ይገባዋል።

ሁለተኛው የንባብ መለማመጃ ነው። ልጅ ማንበብን የሚለምደው ብዙ በማንበብ ሲሆን፣ ለዕድሜው የሚመጥን የአማርኛ ታሪክ ግን በገጠር ትምህርት ቤት እንደ ልብ አይገኝም። እ.አ.አ በ2014 ከደቡብ አፍሪካ የተጀመረው "አፍሪካን ስቶሪቡክ" የተሰኘው የልጆች መጻሕፍት ስብስብ፣ ባለ ሥዕል አጫጭር ታሪኮችን በበርካታ የአፍሪካ ቋንቋዎች ያቀርባል፤ አማርኛም አንዱ ነው። ታሪኮቹ በንባብ ደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው፤ ማውረድ፣ ማተምና ማባዛትም የተፈቀደ ነው። መምህሩ ራሱ ታሪክ ጽፎ ወይም ከሌላ ቋንቋ ተርጉሞ ማስገባት መቻሉ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም ነው። ስለ ጤፍ አጨዳ፣ ስለ ገበያ ቀን ወይም ስለ ጥጃ ጥበቃ የተጻፈ ታሪክ የአምበር ልጅ ከሚያውቀው ሕይወት ስለሚነሳ ንባቡን ያቀልለታል።

በእጅ ያለው አንድ ስልክ ብቻ ቢሆንስ? ስልኩን ለሃምሳ ተማሪ ማሳየት አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። መምህሩ ታሪኩን በትልቅ ወረቀት ወይም በታጠበ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ በደማቅ ቀለም ገልብጦ ሰሌዳው ላይ ሲሰቅለው ክፍሉ በሙሉ ያነበዋል። ጆንያው ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ይተርፋል።

ሦስተኛው የሳይንስና የሒሳብ ማሳያ ነው። በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.አ.አ በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው "ፌት" የተባለው ፕሮጀክት፣ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ለሌለው ትምህርት ቤት የሚያገለግሉ ተንቀሳቃሽ ማሳያዎችን በነጻ ያቀርባል። ተማሪው ባትሪና አምፖል በሽቦ አገናኝቶ መቼ እንደሚበራ ያያል፤ ክፍልፋይ ቁጥሮችንም በሥዕል ከፋፍሎ ይረዳል። ማሳያዎቹ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ኮምፒውተር ላላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ "ኮሊብሪ" እና "ኪዊክስ" የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ኮሊብሪ ትምህርቶችንና መልመጃዎችን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አከማችቶ፣ በአቅራቢያው ላሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በውስጥ መስመር ያዳርሳል። ኪዊክስ በበኩሉ ዊኪፒዲያን የመሰሉ ሰፋፊ የዕውቀት ስብስቦችን ያለ ግንኙነት ለማንበብ ያስችላል። እነዚህን በየትምህርት ቤቱ ለየብቻ ከማሟላት ይልቅ በጉድኝት ማዕከሉ አንድ ቦታ አደራጅቶ በጋራ መጠቀም ወጪ ይቆጥባል።

የማስተማር ዘዴውን ለማሻሻል ለሚሻ መምህር፣ በእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት እ.አ.አ በ2005 የተጀመረው "ቴሳ" ከሰሐራ በታች ላሉ ሀገራት መምህራን የተዘጋጁ ጽሑፎች አሉት። ብዙ ተማሪ ባለበትና ቁሳቁስ ባነሰበት ክፍል እንዴት እንደሚሠራ ያብራራሉ። በአማርኛ ስላልተዘጋጁ፣ እንግሊዝኛ የሚቀለው ባልደረባ አንብቦ በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ውይይት ላይ ለሌሎች ቢያካፍል ጥቅማቸው ለሁሉም ይደርሳል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በኢንተርኔት የተገኘ ሁሉ እውነት አይደለም። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች የትምህርት ዕቅድና ጥያቄ በማዘጋጀት ያግዛሉ፤ ነገር ግን የተሳሳተ መረጃ በእርግጠኝነት ሊናገሩ፣ በአማርኛም ሊሳሳቱ ስለሚችሉ መልሳቸውን ከመጽሐፉ ጋር ማመሳከር ግድ ነው። የተማሪዎችን ስምና ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ሚዲያ ከመለጠፍ መቆጠብ፣ "ነጻ ሥልጠና" ብለው በኋላ ገንዘብ የሚጠይቁ ገጾችንም መሸሽ ይገባል።

ይህ ሁሉ ለመምህሩ ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። መምህሩ የሚያወርደው በራሱ ስልክ፣ የሚከፍለውም ከራሱ ደመወዝ ነው። የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት ለወረቀት፣ ለቀለምና ለኅትመት ጥቂት ቢመድብ፣ የፀሐይ ኃይል ያለው ጎረቤት ስልክ ቢሞላለት፣ የከተማው ነዋሪ የማይገለገልበትን ኮምፒውተር ለትምህርት ቤቱ ቢለግስ ለውጡ በክፍሉ ይታያል። ማንበብ የማይችል ወላጅም የሚያበረክተው አለው። ማታ ከእራት በኋላ "ዛሬ የተማርከውን አንብብልኝ" ብሎ አስር ደቂቃ ማድመጥ ልጁ ንባቡን እንዳይረሳ ያደርገዋል።

ጎጃም የቅኔ ሀገር ናት። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ አንድ፣ ብራናው ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ ነበር። ቀድሞ ያወቀው ተማሪ ጀማሪውን እያስቀጸለ ዕውቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፏል። ዛሬም አንዲት ስልክ በአንድ ትጉህ መምህር እጅ ብትገኝ በዚሁ መንገድ ለብዙዎች ልትደርስ ትችላለች። ፊደል የለየው ልጅ ገና ያልለየውን ጎን ለጎን ተቀምጦ ሊያስነብበው ይችላል።

የዓለም የመምህራን ቀን እ.አ.አ ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 5፣ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም መጨረሻ ይታሰባል። መምህርን ማመስገን ግን የአንድ ቀን ጉዳይ ሊሆን አይገባውም። አርሶ አደሩ የዘራው ጤፍ በመንፈቅ ውስጥ ይታጨዳል፤ መምህሩ የዘራው ፊደል ፍሬው የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም እርሱ ከቀበሌው ከተዛወረ በኋላ ነው። ስለዚህ "ልጄ ማንበብ ጀመረ፤ እግዜር ይስጥልን" የሚለውን ቃል መምህሩ ዛሬ፣ በሥራው ላይ ሳለ ሊሰማው ይገባል።