ሽንት ሲያጣድፍ፦ በሽታው፣ ሕክምናውና ሶላቱ



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ብዙ ሰው ለሐኪምም ለኢማምም፣ ለትዳር ጓደኛው እንኳ ሳይቀር ሳይናገር ለዓመታት ይዞት የሚኖረው ነው። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲመጣም ፋታ አይሰጥም፤ አንዳንዴ በር ሳይደረስ ልብስ ያረጥባል። ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ታማሚው ሙስሊም ሲሆን ችግሩ በቀን አምስት ጊዜ ፊቱ ላይ ይቆማል። ውዱእ አድርጎ ሰፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ሐሳቡ ከሚቀራው ቁርኣን ወጥቶ ወደ ሆዱ ይሄዳል። መጀመሪያ ከኋላ ሰፍ መቆም ይጀምራል፤ ቀጥሎ ከጀመዓ ይቀራል፤ በመጨረሻም «እኔ ንጹሕ አይደለሁም» ብሎ ሶላቱን እስከመተው የሚደርስ አለ። ይህ በጣም ያሳዝናል። ለበሽታው ሕክምና አለው፤ ለሶላቱም ሸሪዓው መንገድ አበጅቶለታል።

እስኪ በዋግ ኽምራ፣ በጋዝጊብላ ወረዳ፣ ከአስከተማ ራቅ ብላ በደጋው የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። ቤቷ ሽንት ቤት የለውም። ቀን ሜዳ እንዳትወጣ መንገደኛና እረኛ አለ፤ ስለዚህ እስኪጨልም ትይዘዋለች። እንዳይመጣባትም ውኃ መጠጣቷን ትቀንሳለች። ሰቆጣ ለመሄድ መኪና የምትሳፈር ዕለት ደግሞ ከዋዜማው ጀምራ ጉሮሮዋን ታደርቃለች፤ በወንድ በተሞላ መኪና ውስጥ ሾፌሩን «አቁምልኝ» ማለት ለእሷ ከባድ ነው። ልጆቿ ያለባትን አያውቁም። ጎረቤቷ ብታውቅ «ብርድ መትቷት ነው» ትላለች።

ይህ የብርድ ነገር ፈጽሞ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሰውነት ሲበርደው የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ደሙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ኩላሊትም ትርፍ የመሰለውን ፈሳሽ በሽንት ያስወጣል። በብርድ ላብም ይቀንሳል። ስለዚህ የደጋ ሰው በክረምትና በጥቅምት ውርጭ ሽንቱ ቢበዛ አይደንቅም። ነገር ግን ጋቢ ተደርቦ፣ እሳት ተሞቆ፣ ወራትም አልፎ የማይለቅ ከሆነ «ብርድ ነው» እያሉ ተልባና አብሽ እየጠጡ መቀመጥ ትክክለኛውን መንስኤ ደብቆ ማቆየት ነው።

የሽንት ፊኛ ከጡንቻ የተሠራ ከረጢት ነው። የጤነኛ አዋቂ ሰው ፊኛ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ይኸውም ከአንድ ብርጭቆ ትንሽ በልጦ እስከ ሁለት ብርጭቆ ነው። መሙላት ሲጀምር ነርቮች ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ አንጎልም ቦታው እስኪገኝ ጡንቻውን ያረጋጋዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ጡንቻው ፊኛው ገና ሳይሞላ፣ ትእዛዝም ሳይጠብቅ ይኮማተራል። ድንገት የሚያጣድፈው ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀን እስከ 7 ወይም 8 ጊዜ፣ ሌሊት አንድ ጊዜ መሽናት የተለመደ ነው፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው ሌሊት ሁለቴም ቢሆን አያስደነግጥም። ዋናው ምልክት ቁጥሩ ሳይሆን ማጣደፉ ነው።

ሆኖም የሚያጣድፍ ሽንት ሁሉ የፊኛ ጡንቻ በሽታ አይደለም። የሚያቃጥልና የሚሸት ከሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ይህ በመድኃኒት ይድናል። ሽንቱ በየጊዜው ብዙ ሆኖ ጥማትና መክሳት ከተከተለው ስኳር በሽታን መጠርጠር ያስፈልጋል። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ወንድ ሽንቱ ለመጀመር ካስቸገረው፣ ከቀጠነና ከተንጠባጠበ የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ሊሆን ይችላል። እርጉዝ ሴት ላይ ማሕፀኑ ፊኛውን ይጫነዋል። የደም ግፊት ታማሚዎች የሚወስዱት ሽንት የሚያሸና ኪኒን ማታ ከተዋጠ ሌሊቱን ሙሉ ያመላልሳል፤ ሐኪሙን ጠይቆ ወደ ጠዋት ማዛወር ይቻላል። ሆድ ድርቀትም ራሱ ፊኛን ይገፋል። በመሆኑም የመጀመሪያው እርምጃ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሽንትንና የደም ስኳርን ማስመርመር ነው፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሰቆጣ የሚገኘው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ሽንት ደም ከቀላቀለ፣ ትኩሳትና የጎን ሕመም ካለ፣ ሽንት ጭራሹን እምቢ ካለ፣ ወይም እግር እየዛለ ከጭን መሐል ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያኔውኑ መሄድ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ለይተን እንናገር። ከአስቸጋሪ ምጥ በኋላ ሽንቷ ሌት ተቀን ያለማቋረጥ የሚፈስባት ሴት በሽታዋ ሌላ ነው፤ ፊስቱላ ይባላል። ምጡ ቀናት ሲፈጅ የሕፃኑ ራስ በፊኛና በብልት መሐል ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ይከለክለዋል፤ ሥጋው ሞቶ ሲለቅ ቀዳዳ ይከፈታል። በሕክምና እጥረት የመጣ ጉዳት እንጂ እርግማንም ቅጣትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ፤ የባሕር ዳሩ ማዕከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ተከፈተ። ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪሞቱ ድረስ ኑሯቸው እዚሁ አገር ነበር። ሕክምናው በነጻ ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶችም በቀዶ ሕክምና ደርቀው ይመለሳሉ። ባሏ የፈታት፣ ከቤት ጥግ የተቀመጠች እንዲህ ያለች እህት በመንደራችሁ ካለች ይህን ንገሯት።

ወደ ተነሳንበት እንመለስ። ምርመራው ሌላ በሽታ ካላሳየ ሕክምናው የሚጀምረው ከመድኃኒት ሳይሆን ከልማድ ነው። ለሦስት ቀን ስንት ሰዓት እንደተሸና፣ ምን ያህል እንደተጠጣ፣ መቼ እንዳመለጠ በወረቀት ይያዝ። መጻፍ የማይችል ልጁን ያስጽፍ፤ ካፈረም በጠጠር ይቁጠር። ከዚያ ፊኛውን ቀስ በቀስ ማስለመድ ነው፤ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ያህል እየጨመሩ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ለመቆየት ይሞከራል። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ቶሎ ተስፋ አይቆረጥም።

ለዚህ ሙስሊም ቤት ሰዓት መግዛት አያስፈልገውም። በአገራችን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ከዐስር እስከ መግሪብ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ ወደ ሦስት ይጠጋል፤ ከዙህር እስከ ዐስር ከሦስት ሰዓት ይበልጣል። የመጀመሪያው ግብ በመግሪብ ውዱእ ዒሻን መስገድ ይሁን። እሱ ከቀለለ ወደ ዐስርና መግሪብ መሸጋገር፤ ከዚያ ወደ ዙህርና ዐስር። ታዲያ ልምምዱ በሶላቶች መካከል ባለው ጊዜ እንጂ በሶላቱ ውስጥ አይደለም። ሽንት እየተናነቀው ሰው እንዳይሰግድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መከልከላቸውን ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ካጣደፈ ወጥቶ፣ ተሽንቶ፣ ውዱእ አድርጎ መመለስ ነው።

ስሜቱ ድንገት ሲመጣ መሮጥ ያባብሰዋል። ባሉበት ቆም ወይም ቁጭ ብሎ፣ ፈስ ለማፈን የሚጠበቀውን ጡንቻ አምስት ስድስት ጊዜ ፈጠን ፈጠን አድርጎ መጭመቅ፣ በእርጋታ መተንፈስ፣ ስሜቱ በረድ ሲል ቀስ ብሎ መሄድ ይሻላል። ይኸው ጡንቻ እንዲጠነክር በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ስምንት ጊዜ ያህል እየጨመቁ ጥቂት ሴኮንድ ይዞ መልቀቅ፣ ለሦስት ወር ሳያቋርጡ። ማንም ሳያይ ቡና እየፈላም ይሠራል። ሽንት እየወረደ መሐል ላይ እያቋረጡ መለማመድ ግን ጥሩ አይደለም።

ውኃ መቀነስ የብዙዎቻችን ስሕተት ነው። ውኃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ፊኛውን ይቆጠቁጣል፣ ኢንፌክሽንና ድርቀት ይጋብዛል፤ ማጣደፉም ይብሳል። በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ብርጭቆ፣ አብዛኛውን ከዐስር በፊት መጠጣት፤ ከመኝታ በፊት ባለው ሁለትና ሦስት ሰዓት መቀነስ ይበቃል። ቡናና ወፍራም ሻይ ፊኛን ያነቃሉ። አቦል ጠጥቶ ከቶናና ከበረካ መቅረት እንደ ነውር በሚታይበት አገር ይህን መምከር ቀላል አይደለም፤ ግን ለሁለት ሳምንት በአቦል ብቻ ተወስኖ ለውጡን ማየት ይቻላል። ማታ ማታ ብርዝ የሚወድም ወደ ቀን ያዛውረው። እግሩ የሚያብጥ ሰው ከሰዓት በኋላ እግሩን ከፍ አድርጎ ቢያርፍ፣ እግሩ ላይ የተጠራቀመው ፈሳሽ ሌሊት ሽንት ሆኖ አይቀሰቅሰውም። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልበቃ ሐኪም እንደ ኦክሲቡቲኒን ያለ መድኃኒት ያዝዛል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽማግሌዎችን ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ስለዚህ የጎረቤት ኪኒን ተቀብሎ መዋጥ አይገባም።

አሁን ወደ ሶላቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ግራ መጋባት አለ። ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚመጣበት ነገር ግን በመሐሉ ደረቅ የሚሆን ሰው እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ሲሸና ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል። የስሜቱ መምጣት ብቻውን ውዱእ አያፈርስም፤ የሚያፈርሰው የወጣ ነገር ነው። «ወጥቶ ይሆን?» የሚል ጥርጣሬም የተረጋገጠ ጠሃራን አይሽርም። በጥርጣሬ የሚሠቃይ ሰው ከኢስቲንጃ በኋላ ልብሱ ላይ ጥቂት ውኃ ረጭቶ ወስዋሱን ይቁረጥ።

ውዱእ አድርጎ ለመስገድ የሚበቃ ጊዜ እንኳ ሳያገኝ የሚፈስበት ሰው ግን ባለ ዑዝር ነው። መሠረቱ ደሟ አልቆም ብሏት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የጠየቀችው የፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ ጉዳይ ነው። ሶላቷን እንድትተው አልተነገራትም፤ ለየሶላቱ ውዱእ እያደረገች እንድትሰግድ ተነገራት እንጂ። በወሎ ምድር ሐነፊውም ሻፊዒዩም ስላለ ልዩነቱን እንንገራችሁ። በሁለቱም ዘንድ ወቅቱ ሲገባ ታጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ አድርጎ ውዱእ ያደርጋል። ሻፊዒዮች በአንድ ውዱእ አንድ ፈርድ ብቻ፣ ሳይዘገይ ይሰግዳል ይላሉ፤ ሐነፊዮች ደግሞ ወቅቱ እስኪወጣ ውዱኡ ይቆይለታል ይላሉ። በሶላት ውስጥ ቢፈስበትም ሶላቱ አይበላሽም። ከሽንት ስላልተጠነቀቀ በቀብሩ ስለተቀጣው ሰው የሚናገረውን ሐዲስ ሰምተው የሚንቀጠቀጡ ታማሚዎች አሉ፤ ያ ሰው ቸል ያለ ነው፤ ታጥቦና ጨርቅ አድርጎ የሚችለውን ያደረገ በሽተኛ አይደለም። ዝርዝሩን በየአካባቢያችሁ ያሉ ዑለሞችን ጠይቁ፤ እነሱ ይህን ጥያቄ ሰምተው አይስቁም።

ለቤተሰብም አንድ ቃል አለን። በመስጊድ ውስጥ የሸናውን የገጠር ሰው ሶሐቦች ሲነሱበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳያቋርጡት ከልክለው፣ ሲጨርስ ውኃ አስፈስሰውበታል። ዑለሞች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ መሐል ላይ ቢቋረጥ ሰውየው ይጎዳ ነበር የሚል ነው። አልጋ ያረጠቡ አያት ላይ የሚጮህ ምራት ወይም ልጅ ይህን ያስታውስ። በሌሊት በጨለማ ደጅ ሲወጡ ወድቀው ዳሌያቸው የሚሰበር አረጋውያን ስላሉ ክዳን ያለው ፖፖ ከአልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ፤ የሱብሂ ውዱእ ውኃም በማንቆርቆሪያ ተዘጋጅቶ ይደር። ለሴቶች ከሁሉ የሚበልጠው ከጓሮ የሚቆፈር ሽንት ቤት ነው፤ ይህ የአባወራው ሥራ ነው። ለጁሙዓ ደግሞ በበሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች መተው የመስጊድ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ረመዳን ሲመጣ ውኃው ሁሉ በሌሊት ይገባል፤ ችግሩም ያኔ ይጎላል። በኢፍጣር ላይ በአንድ ጊዜ ሦስት ብርጭቆ ከመገልበጥ ጥቂት ጥቂት እያሉ መጠጣት፣ ቡናውን ከተራዊሕ በኋላ እንኳ ቢሆን ቀነስ ማድረግ፣ በሱሑር ከሻይ ይልቅ ውኃን መምረጥ ይረዳል። ተራዊሕ ሱንና ነው፤ ስምንቱን መቆም ያቃተው አራት ሰግዶ የቀረውን ቤቱ በመረጠው ሰዓት ይጨርስ። የስኳር ሕመም ያለበት ግን ጾሙን ከመጀመሩ በፊት፣ በሻዕባን ውስጥ ሐኪሙን ያማክር።