«ምን ትፈልጋለህ?» የሚል ሰላምታ

«ሰላም» የሚል ቃል የሌለው ቋንቋ አለ ብትባሉ ታምናላችሁ? አለ። ክሊንጎን ይባላል። ባለቤቶቹ «ስታር ትሬክ» በተሰኘው የሳይንስ ልቦለድ ውስጥ ያሉት፣ ግንባራቸው ወጣ ገባ የሆነው የጠፈር ጦረኞች ናቸው።

ዝም ብሎ ለፊልም የተንጫጫ ድምፅ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቃላት እ.ኤ.አ. በ1979 ለወጣው ፊልም የፈጠረው ተዋናዩ ጄምስ ዱሃን ነው። ከዚያ ማርክ ኦክራንድ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ባለሙያ ለ1984ቱ ፊልም ሰዋስው አበጀለት፤ በ1985 ደግሞ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። ዱኦሊንጎም ከ2018 ጀምሮ ትምህርቱን ይሰጣል።

እኔ መጀመሪያ የፈለግኩት ያው ሰላምታውን ነበር። ያገኘሁት ግን «ኑቅኔኽ» የሚል ቃል ነው። «ኑቅ» ምን ማለት ነው፣ «ኔኽ» ደግሞ መፈለግ። ሲገጣጠም «ምን ትፈልጋለህ?» መሆኑ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኽ» ከጉሮሮ ትወጣለች፤ ትግርኛ የሚናገር ጓደኛ ካላችሁ አሳዩኝ በሉት።

እንዲህ የሆነው ክሊንጎኖች ባለጌ ስለሆኑ አይደለም። በእነሱ ባህል ሁለት ሰዎች ሲገናኙ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ነው የሚገቡት። የመጣኸው መርከቡ መመታቱን ልትናገር ከሆነ «መርከቡ ተመታ» ትላለህ፣ አለቀ። «ኑቅኔኽ» የምትመጣው እንግዳው ጉዳዩን ሳይናገር ሲቆም ነው። ሲለያዩም ብዙ ጊዜ ዞር ብሎ መሄድ ነው። ካሉም «ቃፕላ» ይላሉ፤ ስኬት ማለት ነው፣ ልክ እኛ «ይቅናህ» እንደምንለው።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቋንቋውን የሚማሩ የፊልሙ አፍቃሪዎች ሲገናኙ ፈገግ ብለው «ኑቅኔኽ!» ይባባላሉ። ማንም ምንም ፈልጎ አይደለም። ቁጣ የነበረው ጥያቄ በሰው አፍ ሲገባ ተመልሶ ሰላምታ ሆነ። ሰው ያለ ሰላምታ መኖር አቃተው ማለት ነው።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። እኛ ዘንድ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በቅርቡ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ «ሰላም ነው?» አለኝ። «ሰላም፣ አንተስ?» «አለሁ፣ ቤተሰብ?» «ደህና ናቸው።» «ሥራ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» በማግስቱም ይኸው። በአራተኛው ቀን ነው «እኔ እንኳ ከሥራ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ» ብሎ የጻፈልኝ። አራት ቀን ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ክሊንጎን ቢሆን በመጀመሪያዋ መልእክት ይነግረኝ ነበር? ምናልባት። ግን ጓደኛዬ ክሊንጎን አይደለም። «ቤተሰብ? ሥራ?» የሚለው ለእሱ ድፍረት መሰብሰቢያ ነበር። ሰላምታችን ረጅም የሆነው አንዱም ለዚህ ይመስለኛል፤ የከበደ ነገር የያዘ ሰው ቀስ ብሎ እንዲወርድ ደረጃ ይሠራለታል። ችግሩ ብዙዎቻችን ደረጃው ላይ እንቀራለን። «ደህና ነኝ» ተባብለን ስልኩን እናስቀምጣለን፣ ያኛውም ጉዳዩን ይዞ ይመለሳል።

ስለዚህ ከዚህ ቋንቋ አንድ ነገር ወስጃለሁ። ሰላምታዬን አላሳጥርም። ሰው ደጋግሞ ደህንነቴን ሲጠይቀኝ ግን ሦስተኛው ላይ «አንተ ግን ምን ሆነሃል? ምን ላግዝህ?» እላለሁ። ይህቺ የእኔ ኑቅኔኽ ናት፣ በአማርኛ ለስለስ ያለች። አንዳንዱ «ኧረ ምንም፣ ናፍቀኸኝ ነው» ይለኛል። ይሄም ደስ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ መልሱን መጻፍ ይጀምራል፤ «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ብዙ ይቆያል፣ እኔም እጠብቃለሁ።

ዛሬ «ሰላም ነው?» ብሎ የጻፈላችሁ ሰው አለ? እስቲ ጠይቁት። ቃፕላ!