ቅቤው የወጣለት እርጎ ላይ ስኳር ሲጨመር

አሶሳ ገበያ ወጥተው አሬራ ገዝተው ያውቁ ይሆናል። ከአዲስ አበባ በመጣ የእርጎ ኩባያ ላይ ደግሞ «ስብ የሌለው» የሚል ጽሑፍ አጋጥሞዎት ይሆናል። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱንም ሰው በስኳር ይወዳቸዋል። «ታዲያ ቅቤው ከወጣ ምን ቀረው? ስኳሩስ ምን ይጨምርለታል?» ብለው ከጠየቁ፣ መልሱ እርጎውን በሚበላው ሰው ዕድሜና ጤና ይለያያል።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ቤት ውስጥ የተጠራቀመው ወተት ይረጋል፣ በቅል ይናጣል፣ ቅቤው ይሰበሰባል። የቀረው አሬራ ነው። ፋብሪካ ግን አይንጥም። ወተቱን በማሽን በፍጥነት ያሽከረክረዋል፣ ቀላሉ ስብ ከከባዱ ወተት ተለይቶ ይወጣል። የሚያረጋው ከዚያ በኋላ ነው።

በእጅ ሲናጥ ቅቤው ሙሉ በሙሉ አይወጣም። አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ እንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢልካ፣ በለካው መሠረት 100 ግራም አሬራ ውስጥ 1.4 ግራም ገደማ ስብ ይቀራል። «ስብ የሌለው» የሚባለው የፋብሪካ እርጎ ግን በ100 ግራም ከግማሽ ግራም በላይ ስብ ሊኖረው አይገባም።

ምን ቀረ? ዋናው ፕሮቲን ነው፤ ሰውነትን የሚገነባውና የሚጠግነው ንጥረ ነገር። ፕሮቲኑ ከቅቤው ጋር አይወጣም። 100 ግራም አሬራ 3 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ቅቤው ያልወጣለት እርጎ ደግሞ 3.5 ግራም። ለአጥንትና ለጥርስ የሚያስፈልገው ካልሲየምም በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። የፋብሪካው ስብ አልባ እርጎ አንዳንዴ እንዲያውም ይበልጣል፤ ምክንያቱም እንዲወፍር የዱቄት ወተት ይጨመርበታል።

ምን ጠፋ? ጉልበትና ቫይታሚን ኤ። ጉልበት በኪሎ ካሎሪ ይለካል። 1 ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ 1 ግራም ስኳር ግን 4 ብቻ። ስለዚህ ሙሉው እርጎ በ100 ግራም 60 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ አሬራው 40 እንኳ አይሞላም። ቫይታሚን ኤ ደግሞ ለዓይንና በሽታን ለመከላከል የሚያስፈልግ፣ ስብ ውስጥ የሚኖር ንጥረ ነገር ነው። 100 ግራም ሙሉ እርጎ 27 ማይክሮ ግራም ያህል ሲኖረው፣ ስብ አልባው 2 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ማይክሮ ግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ሰውነት የሚፈልገውም በዚሁ መለኪያ ይለካል።

ስኳሩ የጠፋውን ይመልሳል? ጉልበቱን፣ አዎ። ቫይታሚኑን፣ አይመልስም። በአንድ ብርጭቆ አሬራ ላይ 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨምሩ 8 ግራም ስኳር፣ 32 ኪሎ ካሎሪ ጨመሩ ማለት ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

በኩባያ የሚሸጠው ጣፋጭ እርጎ ላይ ስኳሩ ይበዛል። ዓይነቱ ቢለያይም፣ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ስብ አልባ እርጎ በ100 ግራም 95 ኪሎ ካሎሪና 19 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። ከዚህ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ግራሙ የወተቱ የራሱ ስኳር ነው። የቀረው በፋብሪካ የተጨመረ ነው። 150 ግራም የሚይዝ አንድ ኩባያ ሲጨርሱ ከ4 እስከ 5 የሻይ ማንኪያ የተጨመረ ስኳር በልተዋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር ባይወስድ ይመረጣል። በአንድ ኩባያ የ25 ግራሙን አብዛኛውን ጨረሱት። ስብ የለውም ማለት ስኳር የለውም ማለት አይደለም፤ ስቡ ሲወጣ የጠፋውን ጣዕም የሚተካው ብዙ ጊዜ ስኳሩ ነው። ኩባያውን ገልብጠው የተሠራበትን ያንብቡ። የሚጻፈው በብዛቱ ቅደም ተከተል ነው። ስኳር ሁለተኛ ላይ ከተጻፈ፣ ከወተቱ ቀጥሎ የበዛው እሱ ነው።

«በማር ባደርገውስ?» የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ ጣዕሙም ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ለዚህ ሂሳብ ማርም ስኳር ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አብሮ ይቆጥረዋል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ከባድ መመረዝ ሊያስከትልበት ይችላል።

እኔ አሶሳ ላለ ሰው የምመክረው ማንጎ ነው። በወቅቱ ከየጓሮው ይገኛል፣ ያኔ ዋጋውም ይረክሳል። 100 ግራም የበሰለ ማንጎ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቢጫ ቀለም አለው፤ ሲሰላ 54 ማይክሮ ግራም ያህል ይሆናል። ቅቤው ይዞት የሄደውን በእጥፍ ይመልሳል ማለት ነው። ቫይታሚን ሲም አለው። ልጦ፣ ቆራርጦ፣ እርጎው ላይ ጣል ማድረግ ነው። ጭማቂውን አጥልለው ስኳር ከጨመሩበት ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ቢጫው ቀለም በደንብ የሚዋጠው ትንሽ ስብ ሲያገኝ ስለሆነ፣ ከሙሉው እርጎ ወይም ትንሽ ቅቤ ከቀረበት አሬራ ጋር ይበልጥ ይስማማል።

ለልጆች የሚሆነው የትኛው ነው? እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 43ቱ ገደማ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስብ የወጣለት እርጎ አይመከርም፤ ትንሽ ሆዱ በትንሽ ምግብ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ቅቤው ለገበያ የሚወጣበት ቤት ችግሩ ይገባኛል። ብሩ ጨው፣ ሳሙናና ደብተር ይገዛል። ቢሆንም ከመናጡ በፊት ለሕፃኑ አንድ ስኒ እርጎ ይቀነስለት። ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ አዋቂ ግን ስኳር ያልገባበት አሬራ መልካም ነው። የስኳር ሕመም ካለብዎት ጣፋጩን ይተዉት።

ወጪውስ? በክልሉ ወተት የሚወደድበት አንዱ ምክንያት የቆላ ዝንብ ነው። በዳቡስና በአባይ ሸለቆዎች ከብቱን ገንዲ በተባለው በሽታ ታጠቃለች። የታሸገው እርጎ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ እየቀዘቀዘ መጓዝ አለበት፤ እርስዎም የመኪናውን፣ የማቀዝቀዣውንና የፕላስቲኩን ይከፍላሉ። ለማወዳደር በፕሮቲኑ ያስሉት። አንድ ሊትር ወተት 32 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ 150 ግራሙ ኩባያ 6.5 ገደማ። ስለዚህ አንድ ሊትር ወተት ከ5 ኩባያ ጋር ይመጣጠናል። የ5 ኩባያ ዋጋ ከሊትር ወተትና ከማፍያው ከሰል ዋጋ ከበለጠ፣ ቤት ማርጋት ያዋጣል።

ሲያረጉ ወተቱን አፍልተው ይጀምሩ። ጥሬ ወተት ውርጃ የተባለውን የከብት በሽታና የሳንባ ነቀርሳን ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ጣት እስኪችለው ይብረድ፤ በንጹሕ ዕቃ ገልብጠው አንድ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ይቀላቅሉበትና ከድነው ያሳድሩት። በአሶሳ ሙቀት ቶሎ ይረጋል፣ ቶሎም ይኮመጥጣል፤ ማቀዝቀዣ ከሌለዎት በዚያው ቀን የሚያልቀውን ያህል ብቻ ያርጉ።