«እስቲ ስለ ራስህ ንገረን»

በኦገስት 1791 ቤንጃሚን ባኔከር የተባለ የሜሪላንድ ጥቁር ገበሬ ለአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለቶማስ ጀፈርሰን ደብዳቤ ጻፈ። ባኔከር ሒሳብንና የከዋክብትን አካሄድ በአብዛኛው ራሱን ያስተማረ፣ የዋሽንግተን ከተማ ወሰን ሲቀየስም ከቀያሾቹ ጋር የሠራ ሰው ነበር። ከደብዳቤው ጋር ራሱ አስልቶ በእጁ የጻፈውን የዘመን መቁጠሪያ አያይዞ ላከ። ጀፈርሰን በዚያው ወር መጨረሻ በአክብሮት መለሰለት፤ የዘመን መቁጠሪያውንም ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ጸሐፊ ለኮንዶርሴ ከምስጋና ቃል ጋር አስተላለፈለት። በዛሬ አነጋገር ሪኮመንዴሽን ጻፈለት ማለት ነው። ባኔከር በ1806 ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ጀፈርሰን ለሌላ ወዳጁ ሲጽፍ፣ ሰውዬው ስሌቱን ሲሠራ ረዳት ሳይኖረው እንዳልቀረ፣ የላከለት ደብዳቤም የተራ አእምሮ ሥራ እንደሆነ ገለጸ። ምስክሩ ምስክርነቱን መለሰ።

ዛሬ በሁለቱም ስም የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ። ባኔከር ዋሽንግተን ውስጥ ነው፤ አዲሱ ሕንጻው በ9ኛው ጎዳና ላይ በ2021 የተከፈተ ሲሆን፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ነው። ቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ደግሞ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ ክፍያ የለባቸውም። ሁለቱም ግን እንደ ሰፈር ትምህርት ቤት በአድራሻ አይቀበሉም፤ ይመርጣሉ። ባኔከር ልጁን የሚያውቁ መምህራን እንዲመሰክሩለት፣ ልጁም ቀርቦ እንዲናገር ሲጠይቅ የኖረ ትምህርት ቤት ነው። የመምህራንን ምስክርነት በ2020 ከመስፈርቱ ያወጣው ደግሞ በጀፈርሰን ስም የሚጠራው ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

ሚኒስትሪና ማትሪክ ተፈትኖ ላደገ ሰው ቶሎ የሚገባው የኒውዮርክ አሠራር ነው። እዚያ ስታይቨሰንትን፣ ብሮንክስ ሳይንስንና ብሩክሊን ቴክን የመሰሉ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት በአንድ ፈተና ብቻ እንዲሆን የክፍለ ግዛቱ ሕግ ከ1971 ጀምሮ ያዝዛል። በአሁኑ ጊዜ በዚህ ፈተና የሚቀበሉት ስምንት ናቸው። ልጁ ጨዋ ይሁን ረባሽ፣ መምህሩ ይውደደው ይጥላው፣ የሚያየው የለም፤ ቁጥሩ ይወጣል፣ አለቀ። ፍትሐዊ ነው የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጨካኝ ነው የሚሉትም በዚሁ ምክንያት።

ዋሽንግተን ላይ ነገሩ ይረዝማል። ቤተሰቡ ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ እስከ 12 ትምህርት ቤት በምርጫ ቅደም ተከተል ይሞላል። የከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በ2004 ከወጣ ወዲህ አማርኛ በቢሮዎቹ የታወቀ ቋንቋ ስለሆነ፣ መረጃውን በአማርኛ ማንበብ፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ለአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ቅጹን መሙላት ይበቃል፤ የቀረው የዕጣ ሥራ ነው። መርጠው የሚቀበሉት ግን ከዚያ ሌላ የራሳቸው ጥያቄ አላቸው። መጀመሪያ የክፍል ውጤት ይታያል፤ ይህ በር ነው። በሩን ካለፉት መካከል ለመለየት ነው ድርሰቱ፣ የመምህራኑ ምስክርነትና ቃለ መጠይቁ የሚመጡት። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ታላቅ ወንድም የገባበት ደንብ ታናሽ እህቱን ላያገለግላት ይችላል።

የድጋፍ ደብዳቤ ሲባል እኛ የምናውቀው ሌላ ነገር ነው። አርማ ያለበት ወረቀት፣ «ለሚመለከተው ሁሉ»፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ «በሥራ ዘመናቸው ታታሪና ታዛዥ»፣ ክብ ማኅተም። ዋናው ማኅተሙ ነው፤ ጽሑፉን ማንም ልብ ብሎ አያነበውም። ሰውዬውን ከነባሕርይው ያሳያል ብሎ የሚጠብቅም የለም።

የአሜሪካው የተለየ ሥራ አለው። ለሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ሲሆን ብዙ ጊዜ ደብዳቤ እንኳ አይደለም፤ መምህሩ ኮምፒውተር ላይ የሚሞላው ቅጽ ነው። ልጁ ለማወቅ ያለው ጉጉት፣ ሥራ ሲከብደው የሚያሳየው ጽናት፣ ከሌሎች ጋር አብሮ መሥራቱ፣ ኃላፊነቱ፤ በየሳጥኑ ምልክት ይደረጋል። ብዙ ጊዜ «ካስተማርኳቸው ተማሪዎች ጋር ሳስተያየው» የሚል መለኪያ ይኖረዋል። ከታች ጥቂት መስመር ለአስተያየት ይተዋል። የሚሞሉት በአብዛኛው የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህራን፣ አንዳንዴም የትምህርት ቤቱ አማካሪ ናቸው። የሞሉት በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል፤ ወላጅ ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ በፖስታ አሽጎ የሚወስደው ወረቀት አይደለም።

የቅጹ ችግር መምህራን ደግ መሆናቸው ነው። ተማሪውን የማይጠላ መምህር ሁሉንም ሳጥን ከፍተኛው ላይ ምልክት ያደርግና ይልካል። አንባቢው መቶ እንዲህ ያለ ቅጽ ከፊቱ ሲደረደርለት ምን ይለያል? ስለዚህ ዐይኑ የሚሄደው ወደ ጎደለችው አንዲት ሳጥን ነው፤ በአራት ከፍተኛ ምልክቶች መካከል የተቀመጠች አንዲት «አማካይ» ከአራቱ ይልቅ ትጮኻለች። ከዚያ ቀጥሎ ክብደት ያላት የአስተያየቷ መስመር ናት። «ጎበዝና ሥነ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት» የሚለው ለእናቷ ደስ ይላል፤ ለመራጩ ግን ባዶ ነው። «ክፍልፋይ ሲያስቸግራት አንድ ወር ሙሉ የምሳ ሰዓቷን ትታ እየመጣች ጠየቀችኝ፤ አሁን ሌሎችን የምታስረዳው እሷ ናት» የሚለው ግን ቦታ ያሰጣል። ልዩነቱ የልጅቷ አይደለም። የመምህሩ ትዝታና ጊዜ ነው። መቶ ሃያ ተማሪ የሚያስተምር ሰው፣ ቅጹ የሚደርሰው የውጤት ካርድ በሚያዘጋጅበት ሰሞን ነው። የሚያስታውሰው ደግሞ እጁን የሚያወጣውን፣ ከክፍል በኋላ የሚቆየውን፣ እናቱ ኢሜይል የምትጽፍለትን ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ወር የሆነው፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሒሳቡን ያለ ስህተት ሠርቶ የሚያስረክበው ልጅ በቅጹ ላይ «ጸጥተኛ» ሆኖ ይወጣል። በእኛ ቤት ይህ ምርቃት ነበር።

መምህራን የሚያልፏቸው ልጆች ስንት እንደሆኑ በአንድ ቦታ በደንብ ታይቷል። የፍሎሪዳው ብሮዋርድ ካውንቲ ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች የሚሰጠውን ትምህርት ለረጅም ጊዜ በመምህርና በወላጅ ጥቆማ ሲያድል ኖሮ፣ በ2005 የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሁሉ ያለ ጥቆማ በመለኪያ ማጣራት ጀመረ። ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን ውጤቱን አጥንተው በ2016 አሳተሙ። ለፕሮግራሙ ብቁ ሆነው የተገኙ የሂስፓኒክ ልጆች ድርሻ 130 በመቶ፣ የጥቁር ልጆች 80 በመቶ ጨምሮ ነበር። ልጆቹ በአንድ ዓመት ጎበዝ አልሆኑም። ቀድሞም ነበሩ፤ የጠቆማቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

ቃለ መጠይቁ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ሰው፤ መምህራን ናቸው፣ አንዳንድ ቦታ ከፍ ያለ ክፍል ተማሪም አብሮ ይቀመጣል። በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለውና በ1971 የተመሠረተው ስኩል ዊዝአውት ዎልስ፣ ፈተና ይሰጥ በነበረበት ዘመን፣ ልጁን ብቻ ሳይሆን ወላጁንም ጠርቶ ያነጋግር ነበር። ጥያቄዎቹ ከባድ አይደሉም። ለምን ይህን ትምህርት ቤት መረጥህ? ያልተሳካልህን ነገር ንገረን፤ ከዚያስ ምን አደረግህ? በቡድን ሥራ ላይ ከጓደኛህ ጋር ሳትስማማ ቀርተህ ታውቃለህ? መክፈቻው ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን»።

እኛ ቤት ይህን ጥያቄ ማን ጠይቆ ያውቃል? እንግዳ ሲመጣ ልጅ ይጠራል፤ ስንተኛ ክፍል እንደሆነና ስንተኛ እንደወጣ ይጠየቃል፤ ቁጥሩን ተናግሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ውሃ አስታጥቦ ይወጣል። ስለ ራሱ ሦስት ደቂቃ የሚያወራ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቢገኝ «ይኼ ደግሞ አፈ ጮሌ ነው» ይባላል። ቋንቋችን ሁለቱንም ምክር ይዟል፤ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን እና «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን። ቤት ውስጥ ሁለተኛውን እናስተምርና ልጁን የመጀመሪያው ወደሚገዛበት ክፍል እንልከዋለን። አንገቱን ሲደፋ ጠያቂዎቹ የሚያዩት አክብሮት አይደለም፤ በራሱ አለመተማመን ነው። «እኔ ብቻዬን አልሠራሁትም፣ ቡድናችን ነው» ሲል ትሕትናውን ሳይሆን ያልሠራ መሆኑን ይጽፋሉ።

ይህን የምለው የእኛን ልጆች ለማስተዛዘን ብቻ አይደለም። ቃለ መጠይቅ የሚለካውን ነገር ከጠያቂዎቹ በቀር ብዙ ሰው ተጠራጥሮታል። በ1979 በሂዩስተን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት 800 ያህል አመልካች አነጋግሮ፣ በደረጃ አስቀምጦ፣ 150ውን ከላይኞቹ ተቀበለ። ከዚያ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ድንገት 50 ተማሪ ጨምሩ አለ። በዚያ ሰዓት የቀሩት ከ700ኛ እስከ 800ኛ የወጡት ነበሩ፤ ከእነሱ ተወሰደ። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመምህራኑ አልተነገረም። በትምህርታቸውም፣ በምረቃቸውም፣ በመጀመሪያው ዓመት የሆስፒታል ሥራቸውም በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። በ2013 የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ ይበልጥ ያስቃል፤ ተጠያቂዎቹ በዘፈቀደ ዘዴ እየተመሩ መልስ እንዲሰጡ ተደርጎ፣ ጠያቂዎቹ ምንም አልነቁም። ሰውየውን አውቀነዋል ብለው ነው የወጡት።

መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ፣ ለእያንዳንዱ መልስ ቀድሞ በተዘጋጀ ሰንጠረዥ ነጥብ መስጠት፣ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ለየብቻ እንዲመዝን ማድረግ፣ ጠያቂው የልጁን ውጤት ቀድሞ እንዳያይ መከልከል፤ እነዚህ ነገሩን ያሻሽሉታል። በደንብ የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች ይህን ያደርጋሉ። ለወላጅ የሚነገረውም «ቃለ መጠይቁ ትንሽ ድርሻ ነው ያለው» ተብሎ ነው። እዚህ ላይ ግን ሒሳቡን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከመቶ ነጥብ ዘጠናው የውጤትና የሌላው፣ አሥሩ ብቻ የቃለ መጠይቅ ነው እንበል። በሩን ያለፉት ልጆች ሁሉ ኤ ያላቸው ከሆኑ ከዘጠናው 87፣ 88፣ 89 ይዘው ነው የሚመጡት፤ በዚያ አይለያዩም። በቃለ መጠይቁ ግን አንዱ ሦስት፣ ሌላው ዘጠኝ ያገኛል። አሥር በመቶ የተባለችው ነገሩን ሁሉ ወሰነች። በሚዛን ላይ የሚከብደው የተሰጠው ድርሻ ሳይሆን ልጆቹን የሚያራርቀው ነው። ስኩል ዊዝአውት ዎልስ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ የመግቢያ ፈተናውን ሲተው በውጤትና በቃለ መጠይቅ ላይ ቀረ፤ ከፈተናው የተነሣው ሸክም የወደቀው በእነዚህ ላይ ነበር።

ቶማስ ጀፈርሰን በዚያው ዓመት ሌላ መንገድ ያዘ። ከዚያ በፊት ፈተና ነበር፤ ያለፉት ደግሞ ድርሰት ይጽፉ፣ መምህራንም ይመሰክሩላቸው ነበር። ፈተናው፣ የመምህራኑ ምስክርነትና 100 ዶላሩ የማመልከቻ ክፍያ ቀረ። በምትኩ ቢያንስ 3.5 አማካይ ውጤት፣ አንድ የችግር መፍቻ ድርሰት፣ ልጁ ስለ ራሱ የሚጽፈው ገለጻ ሆነ። ገምጋሚው ስም አያይም። ከየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች 1.5 በመቶ ለሚሆኑት ቦታ ይያዛል፤ የቤተሰብ ገቢና እንግሊዝኛ እየተማሩ መሆንም ይታያል። የተቃወሙ ወላጆች፣ ለውጡ የእስያ ተወላጆችን ለመቀነስ የታሰበ ነው ብለው ከሰሱ። በ2022 የፌዴራሉ ዳኛ ፈረደላቸው፤ በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በፌብሩዋሪ 2024 ጉዳዩን አላይም አለ።

የመምህሩ ቅጽ ቢቀርም ያቺ «ስለ ራስህ ንገረን» የምትለው ጥያቄ ግን አልቀረችም። ወረቀት ላይ ሆና ትጠብቃለች፤ ልጁ ማን እንደሆነ በራሱ ቃል መጻፍ አለበት። ለዐይን አፋሩ ልጅ ይህ ይሻለዋል፤ ጽፎ፣ ሰርዞ፣ ደግሞ መጻፍ ይችላል። ግን ምን ብሎ ይጻፍ? በየቅዳሜው አያቱን ክሊኒክ ወስዶ የሐኪሙን ቃል ወደ አማርኛ፣ የአያቱን ቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ፣ ይህ ነገር ወግ ነው ብሎ አያስበውም፤ የቤት ሥራው ነው። ለአባቱ የማመልከቻውን ቅጽ የሞላው ራሱ ነው። ጠያቂዎቹ ቢሰሙት በሳጥኖቹ ሁሉ ላይ ምልክት የሚያደርጉበት ታሪክ ነው፤ ካልነገራቸው ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ የለም። መምህሩም አያውቀውም፤ ማንም አልነገረውማ።

ቃለ መጠይቁ ሲያበቃም አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ጥያቄ ትቀራለች። ወረቀታቸውን ሰብስበው፣ ፈገግ ብለው «አንተስ የምትጠይቀን ነገር አለህ?» ይሉታል። ታላላቆቹን መልሶ እንዳይጠይቅ የተማረው ልጅ «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብሎ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ይወጣል።